በቀኝ እጇ ልክ

«እሳቸው ፎቅ ላይ ምን ይሠራሉ? ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የዕቃ ክፍል ተጠርጎ አልጋቸው ይገባበታል፤ በቃ» የሚለውን ነገር አናጢዋ የሰማችው ደረጃው ላይ ተንበርክካ የእንጨት ማሰሪያ ሞርሳ እየፈታች ሳለች ነው። ተናጋሪዋ የወንድሟ ሚስት ናት፤ ድምፅዋ የመጣው በሩ ገርበብ ካለው ሳሎን ነው፤ «እሳቸው» የተባለችው ደግሞ የአናጢዋ እናት ናት። ወንድምየው ወዲያው መልስ አልሰጠም። በዚያ ቤት ዝም ማለት መስማማት መሆኑን ግቢው ውስጥ የታሰረው ውሻ ሳይቀር ያውቃል። ጥቂት ቆይቶ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማና፣ «እሺ፣ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ተሸካሚ ይዤ እመጣለሁ፤ አልጋውን ያወርዱታል። የስፌት መኪናዋን ለሚፈልግ ሰው እንሰጠዋለን፤ እዚያ ክፍል አይገባም» አለ። ጉድ በሉ እንግዲህ። አርባ ዓመት የሰው ሱሪ አሳጥራ፣ የሰው ቀሚስ አስፍታ ሁለት ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት፣ መኪናዋ ለሚፈልግ ሊሰጥባት፣ እሷ ደግሞ የሽንኩርት ጆንያና የአሮጌ ጎማ ጎረቤት ልትሆን ነው። ያ የዕቃ ክፍል መስኮት እንኳ የለውም፤ ከጣሪያው ሥር የመዳፍ ስፋት ያላት ቀዳዳ አለችው፣ እሷም ለአይጥ መመላለሻ የቀረች ናት።

አናጢዋን ቤተሰቡም ደንበኛውም በእንጨት መቦርቦሪያው መሣሪያ ስም መሮ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በልጅነቷ ያገኘችውን ሁሉ ሳትቦረቡር አታልፍም ነበር፣ የግድግዳ ጭቃ ይሁን የዳቦ ሆድ ግድ አልነበራትም። አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የራሷ ወርክሾፕ አላት፣ በር ትሠራለች፣ ቁም ሳጥን ትሠራለች፣ «ነገ ይደርሳል» እያለች ደንበኛ አታመላልስም፤ በሙያው ውስጥ ይህ እንደ ተአምር ይቆጠራል። ሌላ ቀን ቢሆን የሰማችውን «ሆድ ይፍጀው» ብላ ትውጠው ነበር። እሷና ወንድሟ በነገር ከተያያዙ ሁለት ዓመት ሊኮራረፉ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ ተኮራርፈውም ያውቃሉ። ዛሬ ግን አንጀቷ አልቻለም። ሰጋቱራው ከጉልበቷ ሳይራገፍ ሳሎን ገባች።

«ጋሼ» አለችው። በአራት ዓመት ይበልጣታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ አጠራር አታውቅለትም። «እማዬን የዕቃ ክፍል ልታስገባት ነው?»

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያፍር ነው ክፉ የሚሆነው። አሁንም አፈረ። «ስሚ መሮ» አለ ዓይኑን ከሻዩ ላይ ሳይነቅል። «ያን ጊዜ ስትወድቅ ደሟን ከወለል ላይ የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልነበርሽም። ድጋሚ ብትወድቅስ? አጥንቷ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? ሰባት ወር ሙሉ ከፎቅ አልወረደችም። ታች ብትሆን ቢያንስ ግቢ ትወጣለች።»

«የደረጃው መደገፊያ ዛሬ ያልቃል።»

«ይለቅ። ለቤቱ ጌጥ ይሆናል፤ ለእሷ ግን እግር አይሆናትም።»

«ብትወርድስ?»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ማንም ሳይነካት።»

ወንድሟ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ወርዳ ካየሁ፣ ክፍሏም የእሷ፣ መኪናዋም የእሷ። ካልወረደች ግን ተሸካሚዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ያኔ አንቺም ቃል አትተነፍሺም» አለና ቁልፉን አንስቶ ተነሳ። ሚስትየዋ፣ «ማን ይሙት፣ ቢወርዱ እኔም ደስ ይለኛል» አለች፤ ፊቷ ግን ክፍሉን ለእንግዳ ማረፊያ ከሰጠ ሰንብቷል። መሮ ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። አፏ አምልጧት የገባችበትን ውርርድ ያወቀችው ከገባችበት በኋላ ነው።

ደረጃው አስራ አራት እርከን ነው። ወንድሟ ቤቱን ሲያሠራ «ቀጥ ያለ ደረጃ የድሃ ነው» ብሎ እንደ ቀንድ አውጣ የሚዞር አስወጣ፤ በአንድ በኩል ክብ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ከጉልበት የማያልፍ ግንብ። ግንቡ ላይ እጁን ማሳረፍ የሚችል እየዳኸ የሚወርድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ገንዘቡ አለቀና ቤተሰቡ መደገፊያው ሳይሠራ ገባበት። እናቷ የዛሬ ሰባት ወር ስትወርድ አራተኛው እርከን ላይ ተንሸራተተችና ታች ድረስ ሄደች። ግንባሯ ተሰፋ፣ ጉልበቷ በራጅ ታየ፣ የአጥንት ማጠንከሪያ ክኒን ታዘዘላት፣ ከዚያ ወዲያ ደረጃውን አልረገጠችም። ሦስት አናጢዎች ተራ በተራ መጥተው ክቡን ግድግዳ እያዩ «እንጨት እንደ ላስቲክ አይታጠፍም፤ ብረት አስበይዱበት» ብለው ሄዱ። በያጁ ደግሞ ብረቱን ቆራርጬ እቀጥለዋለሁ አለ። ቅጥል ባለበት ሁሉ እጅ ይደናቀፋል፣ የተደናቀፈ እጅ ይለቃል፤ ለፈራ ሰው መልቀቅ ማለት መውደቅ ነው።

መሮ እንጨት እንደሚታጠፍ ታውቃለች፤ ዘዴው ማሳሳት ነው። አንድ ቀይ እንጨት መርጣ እንደ ቀበቶ የሳሱ ዘጠኝ ጣውላዎች አወጣችበት፣ ከሦስት ቀን በፊት ኮላ እየቀባች አንዱን በአንዱ ላይ ደረበች፣ ደረጃው ላይ በተከለቻቸው ጉማጆች ላይ እያዞረች በሞርሳ አሰረችው። ለዚህ ሥራ በአካባቢው ካለ ወርክሾፕ ሁሉ ሞርሳ ተበድራለች፤ አርባ አንድ ነበሩ። እንጨት ደግሞ ሲለቁት ወደ ተወለደበት ቀጥታነት ትንሽ መመለሱ አይቀርም፣ እሱንም ታውቃለች፤ ስለዚህ ከግድግዳው ክብ በአንድ ጣት አጥብቃ ነው ያጠፈችው። ያ አንድ ጣት የተለካ ነገር አይደለም፤ ከእጇ ልማድ የመጣ ነው። ልኩን ካልመታች የሦስት ቀን ሥራ ማገዶ ነው።

የመጨረሻውን ሞርሳ ስትፈታ አባባ የሚሏቸው የግቢው ዘበኛ በሩን ትተው ሊያዩ መጡ። እንጨቱ እንደ ሽማግሌ ወገብ አንዴ ተንቋቋ፣ በአንድ ጣት ያህል ተከፈተ፣ ቆመ። ሁለቱ በሁለት ጫፍ አንስተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው እኩል ርቆ፣ አንድም ቦታ ሳይወጣ ሳይገባ፣ አብሮት ዞረ። መሮ ትንፋሿን ለቀቀች። አባባ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ሲጣመም እንጂ እንጨት እሺ ብሎ ሲጣመም አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ በኋላ በሩን ማን እንደጠበቀው አይታወቅም፤ ሽማግሌው ከደረጃው አልተነቃነቁም።

እስከ ቀትር ላጉት። እሳቸው ይይዛሉ፣ እሷ መላጊያውን ትገፋለች፣ ፍቅፋቂው ከእርከን ወደ እርከን ይንከባለላል። መደገፊያው ድቡልቡል እንዲሆን ያዘዘው ወንድሟ ነው፤ ከአንድ ሆቴል ያነሳውን ፎቶ ስልኩ ላይ አሳይቷት፣ «እንዲህ ዳጎስ ያለ፣ በሩን ሲከፍቱት ዓይን የሚሞላ» ብሏታል። ስለዚህ የጠርሙስ ወገብ የሚያህል አድርጋ አስተካከለችው። እውነት ለመናገር ራሷም ኮርታበት ነበር። ሞርሳ ያበደሯት አናጢዎች ሊያዩት እንደሚመጡ፣ ሦስቱ «አይታጠፍም» ባዮችም ጭምር፣ እያሰበች ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

ቀትር ላይ ለእናቷ ምሳ ይዛ ወጣች፤ በትሪ ሾርባና ዳቦ፣ በብብቷ ደግሞ ከመደገፊያው ትርፍ ጫፍ ቆርጣ ያስተካከለችው አንድ ክንድ የማይሞላ ናሙና። የእናቷ ክፍል በቤቱ ውስጥ ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ የሚገባበት ብቸኛው ክፍል ነው። ሁለት መስኮት አለው፤ የስፌት መኪናው በአንዱ ሥር ነው፣ አጠገቡ በቆርቆሮ ሣጥን በቀለም በቀለም የተለዩ አዝራሮች አሉ። አሁን መጋረጃዎቹ ወርደው፣ ታጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቷ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ቀኝ እጇን እንደ ልማዷ በሻርፗ ሸፍና፣ መንገዱን ታያለች። መጋረጃዎቹን ምራቷ ስታወርድ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ ማንም ምንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። እዚህ ቤት ሰው የሚነሳው በዝምታ ነው፣ ተነሺውም ዝም ይላል።

«እማዬ፣ ይቺን ያዢልኝ እስቲ» አለች መሮ ናሙናውን እየሰጠቻት። እናቷ በግራ እጇ ተቀበለቻት።

«በቀኝሽ።»

«ግራው ምን አለው?»

«ስትወርጂ መደገፊያው በቀኝሽ በኩል ነዋ የሚሆነው። ግድግዳው በዚያ በኩል ነው።»

እናቷ የሾርባውን እንፋሎት ማየት ጀመረች። መሮ ሻርፑን ቀስ አድርጋ ሳበችው። አራቱ ጣቶች ወደ መዳፍ ታጥፈው፣ እንደ መንጠቆ ደርቀው ቀርተዋል። ልትዘረጋቸው ሞከረች፤ እናቷ ከንፈሯን ነከሰች። በጣቶቹና በመዳፉ መካከል የቀረችው ክፍተት ሁለት ጣት ብታህል ነው፤ ናሙናው ጠርሙስ ያህላል። እንዴት ይገናኛሉ? መሮ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሙ ጉልበቷን አየ። ወንድሟ ጫማዋን ቀየረ። ሚስቱ ደረጃውን በሰም ማስወልወል ተወች። እሷ ራሷ የእርከኑን ከፍታ ለካች። እግሯን ሁሉም ሲጠይቅ ሰባት ወር አለፈ፣ እጇን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ያን ቀን ግድግዳውን ልትይዝ የዘረጋችው እጅ የማይዝ እጅ ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ መኪናዬን ትወስዱብኛላችኋ። እጅ የሌላት ልብስ ሰፊ መኪና ምን ያደርግላታል ትላላችሁ። እኔ ደግሞ በግራዬም ቢሆን አዝራር እተክላለሁ።» ከዚያ ትንሽ ሳቅ አለች። «አርባ ዓመት መቀስ ይዤ ኖሬ፣ መቀሱን ባስቀምጠው እጄ እንደያዘው ቀረ።»

መሮ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእናቷ እጅ ብቻ አይደለም፤ ያ ታች የተጋደመው፣ ዓይን የሚሞላው፣ የኮራችበት መደገፊያ ለዚህች ሴት ከባዶው ግድግዳ እንደማይሻል ስለገባት ነው። ሰዓቷን አየች። ስድስት ተኩል ነው። ሌላ ለማጠፍ ሦስት ቀን ያስፈልጋል፤ ያላት አራት ሰዓት ተኩል ነው። ፊቷን በክንዷ ጠረገችና የእናቷን እጅ አንስታ ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው። በእርሳስ ዙሪያውን ወረቀት ላይ ሳለችው፣ ክፍተቱን በሜትር ለካች፣ የጣቶቹን ርዝመት ለካች፣ ጣቶቹ የሚቆሙበትን ጎን አየች። እጁ ለእንጨቱ ካልተከፈተ እንጨቱ ለእጁ ይጥበብ፤ ሌላ መላ የለም።

ግን ሁለንተናውን ካሳሳችው መደገፊያው ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ ናሙናውን ይዛ ወረደችና ሆዱን ሳትነካ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ከሁለት በኩል ላገችው፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ የተቆለመሙት ጣቶች ጫፍ የሚያርፍበት ቦይ በመሮ ቆፈረች። ይዛ ወደ ላይ ሮጠች። እናቷ ሞከረችውና፣ «አይገባም» አለች። ወረደች፣ ላገች፣ ወጣች። «ገባ፤ ግን ይወልቃል።» እንደገና ወረደች፤ ቦዩን አጠለቀች፣ ከንፈሩን በሞረድ አለሰለሰች፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸች፣ እያለከለከች ወጣች። በሦስተኛው እጁ ከላይ መጣና ቁጭ አለ። ጣቶቹ ቦዩ ውስጥ ገቡ፣ መዳፉ አናቱ ላይ አረፈ። መሮ ናሙናውን ሳበች፣ አልወጣም። ጠንከር አድርጋ ሳበች። እናቷ ነገሩ ጣማትና እሷም ሳበች፤ እናትና ልጅ በአንድ ክንድ እንጨት ጉተታ ገጠሙ፣ በመጨረሻ ከወለሉ የተነሳችው ልጅቱ ናት።

«ይኸው ያዘ» አለች እናቷ። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ያ እጅ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አልለቅም ሲል መስማቱ አስደንግጧት ነበር። ናሙናውን አልመለሰችም። መሮ ከክፍሉ ስትወጣ እናቷ ወንበሩ ላይ ሆና እያሸራተተች፣ እየያዘች እየለቀቀች ትለማመድ ነበር።

ታች ስትደርስ ለአባባ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አራት ሜትር ከግማሽ የሚሆነውን፣ የተጠናቀቀውን፣ ድቡልቡሉን መደገፊያ አዩና፣ «ልጄ፣ ምላስ የወሰደው በይቅርታ ይመለሳል፤ መላጊያ የወሰደው ግን አይመለስም። አስበሽበታል?» አሉ። አላሰበችበትም፤ ለማሰብ ጊዜ የለም። «ይያዙልኝ አባባ» አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አሉና በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ «ዛሬ እኔም ከነሱ ተቆጠርኩ።»

መላጊያውን አንዴ ገፋች፤ ዘጠኙ ድርብ ካልተያያዘ እዚህ ላይ ይሰነጠቅና ጉዱ ይፈላል። አልተሰነጠቀም። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ፣ ኮላው የት እንዳለ እንኳ አይለይም። ከዚያ ወዲያ አላቆመችም። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ አባባ ስለ መጀመሪያ ሚስታቸው ግትርነት ያወራሉ፣ እሷ አትሰማም። ቦዩን ለመቆፈር ሁለት ሰዓት ፈጀባት። የወንድሟ ሚስት ጫጫታው ሲበዛባት መጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች፤ ወለሉ ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ አየች፣ እንጨቱን አየች፣ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«እህትዬ፣ እሱ ያሳየሽ ፎቶ እንዲህ ነው እንዴ? ይሄ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት እንጨት መጥረጊያ እስኪመስል ድረስ ይላጋል?»

«ለእናቴ እጅ ነው የማስተካክለው።»

«የሳቸው እጅ ደግሞ ምን ሆነ?»

መሮ መላጊያውን አስቀመጠችና አየቻት። ልትናገራት የምትፈልገው ነገር ብዙ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ሴትየዋ አንድ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር እየኖረች ማየት ነበረባት። ግን እሷስ በየሳምንቱ እየመጣች መቼ አየች? «ወጥተሽ ጠይቂያት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ሚስትየዋ ስልኳን አውጥታ ለባሏ ደወለች፣ «መጥተህ ጉድህን እይ» አለችው፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። እዚያ ብዙ ቆየች። ሴትየዋ ስትወርድ ፊቷ ተለውጧል። መጥረጊያ አምጥታ ፍቅፋቂውን መጥረግ ጀመረች።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል ጀመሩ። ግድግዳው ትናንት ተበስቶ ነበር፤ ሰባት ደጋፊ ብረት፣ ሁሉም መደገፊያውን ከሥሩ የሚሸከሙ፣ እጅ ሲያልፍ እንዳይነኩት። አንዱ ቀዳዳ በግማሽ ጣት ተሳስቶ ተገኘ። መሮ ልትጮህ ምንም አልቀራትም፤ ቀዳዳውን አስፍታ፣ ውሻል መትታ፣ እንደገና በሳችው። የመጨረሻው ብሎን ሲገባ የግቢው በር ላይ የወንድሟ መኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ አባባ መሰርሰሪያውን እንደያዙ ሮጠው ሊከፍቱ ሄዱ። እሷ ዘይት የነካ ጨርቅ አንስታ ከላይ እስከ ታች አንዴ አሸችው። እንጨቱ ቀላ፣ አበራ። 

ወንድሟ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ገባ። ገመድ ይዘዋል። መጀመሪያ ያየው እናቱን አይደለም፣ መደገፊያውን ነው። ከታች ሰፊ፣ ከላይ እንደ ቢላ ጀርባ የጠበበ፣ በግድግዳው በኩል ቦይ ያለው፣ ማንም ሆቴል ውስጥ ያላየው ነገር ነው። እጁን ሰደደበት፤ እሱ ጤነኛ እጅ ስላለው ለመያዝ ግራ ገባው።

«ይሄን ነው ያዘዝኩሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን አዘዘሽ?»

«እኔ ነኝ» አለ ከላይ የመጣ ድምፅ።

ሁሉም ቀና አሉ። እናቷ የደረጃው አናት ላይ ቆማለች። ፀጉሯን አበጥራ፣ ለመንገድ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጫማዋን አጥልቃለች። ወንድምየው አንድ እርከን ወጣ፤ መሮ ኮቱን ያዘችው። «ብቻዋን ነው ያልከው ጋሼ። አትንካት።» እናቷ ቀኝ እጇን ከሻርፑ አወጣች። ያን እጅ በሰው ፊት ስታወጣው መሮ ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ከላይ አምጥታ መደገፊያው ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቿ ቦዩን ፈልገው ገቡ። ትንሽ ሳብ አድርጋ ፈተነችው። ከዚያ እግሯን ሰደደች።

አንድ። ቆመች። ሁለት። እጇ ሳይነሳ እንጨቱን ይዞ ይንሸራተታል፣ መያዣው የሚቋረጥበት፣ የሚደናቀፍበት ቦታ የለም። ሦስት። አራተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀረች። ታች ያለው ሰው ሁሉ ያን ቦታ ያውቀዋል፤ ተሸካሚዎቹ እንኳ ባያውቁም ገብቷቸው ገመዱን ወለል ላይ አስቀመጡ። የእናቷ ዓይን ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ሄደ። እግሯ ጫፉ ላይ ሸተት አለ። ወንድሟ «እማዬ» ብሎ ሊወጣ ሲል መሮ በሁለት እጇ አንቃ ያዘችው። የእናቷ መላ ሰውነት ወደ ግራ ዘመመ፣ ክንዷ ተገተረ፣ እጁ ግን አልለቀቀም። ሰባቱ ብረቶች ድምፅ አላሰሙም፣ እንጨቱ አልተነቃነቀም። እናቷ በዚያ በደረቀ እጅ ተንጠልጥላ አንድ አፍታ ቆየች፣ ከዚያ እግሯን አስተካክላ ቆመች። እጇን አየችው። መሮ እናቷ ያን እጅ እንዲህ በፍቅር ስታየው አይታ አታውቅም።

ቀሪውን አስር እርከን የወረደችው እንደ ሌላ ሰው ነው። መዞሪያው ላይ ለአፍታ ከዓይናቸው ጠፋች፤ ብቅ ስትል ጥርሷ ይታይ ነበር፣ ትስቅ ነበር። የመጨረሻውን እርከን ለቃ ወለሉን ስትረግጥ አባባ ቆባቸውን አወለቁ። የወንድምየው ሚስት አፏን በእጇ ይዛ ትነፋረቅ ነበር። መሮ ወንድሟን እስካሁን እንደያዘችው ያወቀችው ያኔ ነው፤ ስትለቀው ኮቱ ላይ የኮላና የላብ አሻራ ቀርቷል።  በሕይወቷ ብዙ በር ሠርታለች፣ ብዙ አልጋ ሠርታለች፤ እንደዚህ ግን አሸንፋ አታውቅም።

ወንድምየው የእናቱን እጅ በሁለት እጁ አነሳ። አገላበጠው። «ይሄ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አንተ ቤት ስትሠራ» አለች።

አንገቱን ደፋ። ለተሸካሚዎቹ የድካማቸውን ሰጥቶ ሊሸኛቸው ሲል አንደኛው፣ «ታዲያ የምናወርደው የለም?» አለው። «የለም» አለ። «ከመጣችሁ አይቀር ግን መጋረጃዎቹን መልሳችሁ ስቀሉልኝ።» ሚስቱ «እኔ እሰቅላለሁ» ብላ ቀድማቸው ሄደች።

እናቷ ግን ሳሎን ገብታ አልተቀመጠችም፤ ሻይ ሲሏትም «ቆይ» አለች። ግቢውን ወጥታ አየች፣ ውሻውን በስሙ ጠራችው፣ ከዚያ ተመልሳ በግራ እጇ እንጨቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። የደከማት መሰላቸው። ጥቂት ሳይቆይ የጫማዋ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ እየወረደች ነው፣ አሁን ፈጠን ብላ። ታች ደረሰች፣ ዞረች፣ ወጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወርድ ወንድምየውን ላብ አጠመቀው።

«እማዬ፣ አይበቃም? አሁን አየንሽ እኮ።»

«ዞር በል አንተ» አለች ከመካከል ሳትቆም። «የሰባት ወሩን ነው የምወርደው።»

ወንድምየው ከመንገዷ ዞር አለ።